ጫማዬን ያወለቅሁበት ኮሌጅ

ዛሬ ጠዋት የልጄ ልጅ ሶስና አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ እኔ ቤት መጥታ ሳሎን ውስጥ ላፕቶፗን ዘረጋች። እናቷ አሌክሳንድሪያ ሥራ ገብታለች። እንግሊዝ አገር ያለ አንድ አሮጌ ኮሌጅ በስክሪን ኢንተርቪው ሊያደርጋት ነው።

«አባባ፣ አንተን ሲቀበሉህ ለምን ነበር እምቢ ያልካቸው? ልነግራቸው ነው እኮ!» አለችኝ። «አንተ» ትለኛለች፤ ማረም ደክሞኝ ትቼዋለሁ።

ወይ ጉዴ! ስለዚያ ኮሌጅ ለቤተሰቤ የነገርኩት ውሸት ነው። «ተቀብለውኝ ነበር፤ ብርዱን ጠልቼ እኔው ተውኩት» ስል ሃምሳ ዓመት ኖርኩ። ታክሲ ስነዳም ይህንኑ፣ ጡረታ ወጥቼም ይህንኑ። አሁን ልጅቷ ውሸቴን ይዛ እነሱው ፊት ልትቀርብ ነው።

ያኔ ከአገሬ እንግሊዝ የመጣሁ የሃያ ዓመት ልጅ ነኝ። የሕንፃ ጥበብ ለመማር አመልክቼ ለፈተና ቀጠሩኝ። ቀኑ ረቡዕ ስለነበር የአከራዬን እንቁላል መልሼ ዳቦ በሻይ በልቼ ወጣሁ። ያካፋል። ኮሌጁ በር ላይ ትልቅ ማማ አለ፤ ከሥሩ አልፈው ሲገቡ መምህራን ብቻ የሚረግጡት ሣር ያለበት አራት ማዕዘን ግቢ ነው። የደረጃው ድንጋይ አምስት መቶ ዓመት ሲረገጥ ኖሮ መሐሉ ጎድጉዷል። ጊዜ ስለነበረኝ ልጸልይ ብዬ ወደ ጸሎት ቤቱ ሄድኩና እንደ አገሬ ደንብ ጫማዬን ደጁ ላይ አውልቄ ገባሁ። አቤት ጣሪያው! ድንጋዩ ከምሰሶው ጫፍ ተነስቶ እንደ ዘንባባ ይዘረጋል። አንገቴን እስኪያመኝ አንጋጥጬ ቆየሁ።

ስወጣ ጫማዬ የለም። አባቴ ለመንገዴ ያሠራልኝ ጥቁር ጫማ! ካልሲዬ ደግሞ ተቀዶ አውራ ጣቴ ወጥቷል። ፈታኞቹ ያሉበት ክፍል ከሣሩ ማዶ ይታየኛል፤ ቢበዛ መቶ እርምጃ ነው። ግን በዚያ እግር ሽማግሌዎች ፊት ልቁም? ማንንስ ምን ብዬ ልጠይቅ? አፈርኩ። በየደጃፉ ስፈልግ የማማው ሰዓት የቀጠሮዬን ሰዓት ደወለ። ሩቡንም፣ ግማሹንም እዚያው ቆሜ ሰማሁት።

በመጨረሻ የኮሌጁ ዘበኛ፣ አንድ ወፍራም ሽማግሌ፣ ጫማዬን አንጠልጥሎ መጣ።

«ዝናብ ሲመታው አይቼ ምድጃዬ አጠገብ ላደርቅልህ ወስጄው ነው፣ ልጄ» አለኝ።

ጫማው ሞቋል። እያለቀስኩ ሮጥኩ፤ ክፍሉ ተዘግቷል። በሳምንቱ «ባለመቅረብዎ እናዝናለን» የሚል ደብዳቤ ደረሰኝ። መልስ ለመጻፍም አፈርኩ።

ይህን ሁሉ ለሶስና ነገርኳት። መጀመሪያ ሳቀች፤ ፊቴን ስታይ ተወችው።

«ኦ ማይ ጋድ፣ አባባ! በካልሲ ብትገባ ምን ይሉህ ነበር?»

«ምንም» አልኳት። እውነቴን ነው፣ ምንም አይሉኝም ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ታክሲ መንዳቱም እንደዚህ ውሸት አላደከመኝም።

ያኔ ነው ከጠረጴዛው ሥር ያየሁት። ከላይ ኮት ለብሳ ሽክ ብላለች፤ እግሯ ግን ባዶ ነው። ጫማ አድርጊ እንጂ ልላት አፌን ከፈትኩና ተውኩት።

ላፕቶፑ መጥራት ጀመረ።

«ልንገራቸው?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«ንገሪያቸው» አልኳት። «አያቴ አልቀረም፤ መጥቶ ነበር በያቸው።»