የሳሳው የመራጮች መዝገብ

በመራጮች ምዝገባ ሰሞን፣ መምህር ስለሆንኩ፣ ከቦንጋ ራቅ ባለች አንዲት የጫካ ቀበሌ መዝጋቢ ሆኜ ተመደብኩ። የሌሎቹ ቀበሌዎች መዝገብ ሲሞላ የእኔ ሳስቶ ቀረ። አስተባባሪው በስብሰባ መሀል አስነስቶ፣ «ዋጫ ከተማ በኩል ሰው ለመመዝገብ ተሰልፏል። አንተ ጋ ዕድሜው ለመምረጥ የደረሰ ሰው የለም እንዴ?» አለኝ። ቤቱ ሁሉ ሳቀ።

በማግስቱ ቤት ለቤት ዞርኩ። ያገኘሁት ልጆችን ብቻ ነው። ሴቶቹ ገበያ ወጥተዋል፤ ወንዶቹ ቀፎ ሊሰቅሉ ጫካ ገብተዋል። ተከትያቸው ገባሁና ብዙ ከተጓዝኩ በኋላ አንድ ሽማግሌ ዛፍ ላይ ሆነው ቀፎ ሲያስሩ አየሁ።

«አባባ፣ ለምርጫ ተመዝግበዋል?» አልኳቸው።

«አልሰማህም፤ ጮክ በል።»

ጮክ አልኩ። አሁንም አልሰሙም። ስለ መምረጥ መብት የማውቀውን ሁሉ አንጋጥጬ ለፈፍኩ። እሳቸው ቀፏቸውን ያስራሉ። በመጨረሻ ተስፋ ቆረጥኩና፣ መቼስ ከእኛ ሌላ ሰው የለም ብዬ፣ የሆዴን ሁሉ አወጣሁት።

«አለቃዬ በሰው ፊት አዋረደኝ። ትናንት ቤቴ ገብቼ አልቅሻለሁ። እባክዎ፣ እርስዎ እንኳ ይመዝገቡልኝ» ብዬ ድምፄ እስኪዘጋ ጮህኩ።

ሽማግሌው እጃቸውን ከቀፎው አንስተው ወደ ታች አዩኝ። የመለሰልኝ ግን ከጀርባዬ፣ ከሌላ ዛፍ ላይ የመጣ የጎልማሳ ድምፅ ነው።

«አያልቅሱ መምህር፤ ነገ ሁላችንም እንመጣለን።»

ዞር ብዬ ቀና አልኩ። በዙሪያዬ በየዛፉ ላይ ሰው ተቀምጦ ያየኛል።