ፔንግዊን አልሆንም ያለችው ሂልካ

ሂልካ ስትቆጣ በእንፋሎት መታጠቢያው በሳውና ውስጥ እንዳለ ድንጋይ ናት። ዝም ብላ ትግላለች፣ ትግላለች፤ አንድ ጭልፋ ውኃ ሲደፉባት ግን ቤቱን በእንፋሎት ትሞላዋለች። በዚያ የመጋቢት ቅዳሜ ጭልፋውን ያነሣችው ማርዩት ነበረች። ማርዩት የኮስኪላ የበረዶ ሸርተቴ ክለብ የትርኢት ኃላፊ ናት፤ ሠላሳ ዓመት ያልሞላት፣ ፊቷ ከፈገግታ የማይለይ፣ ሰው ሳታስቀይም ሰው መጉዳት የምትችልበት።

መልበሻ ክፍል ገብታ ከከረጢት ውስጥ ጥቁርና ነጭ ልብስ አወጣችና በሂልካ ጉልበት ላይ ዘረጋችው።

«ይኸው ያንቺ! ዘንድሮ ምንቃሩን አሳምረነዋል።»

«የምን ምንቃር?»

«የፔንግዊን ነዋ! አዋቂዎቹ ዘንድሮ ፔንግዊን ናችሁ። አምና ላም ሆናችሁ ሰው ሆዱን ይዞ አልሳቀም?»

ሂልካ የሸርተቴ ጫማዋን ስለት በጨርቅ እየጠረገች ነበር። እጇ ቆመ። «ማርዩት፣ በመስከረም ምን ነበር ያልሽኝ?»

«ምን አልኩሽ?»

«በፀደዩ ትርኢት ብቻሽን ትወጫለሽ፣ ሙዚቃሽን ምረጪ አላልሽኝም?»

«ውይ፣ ብዬ ነበር መሰለኝ። ግን አስቢው እስኪ፤ ወላጆች የሚመጡት ልጆቻቸውን ሊያዩ ነው። ከእናንተ የሚጠብቁት ትንሽ እንዲስቁ ነው። ደግሞ አንቺ ስትወድቂ እኮ እንዴት እንደምታምሪ!»

ማርዩት ትከሻዋን መታ መታ አድርጋት ወጣች። ልብሱ ሂልካ ጉልበት ላይ እንደ ሬሳ ተዘርግቶ ቀረ።

በዚያ አዳራሽ ነገሩ ልማድ ነው። ክረምቱን በሚዘጋው ትርኢት ላይ ከድክድክ ባዮቹ ሕፃናት በኋላ፣ ከኮከቦቹ ልጃገረዶች በፊት አዋቂዎቹ የእንስሳ ልብስ ለብሰው ይወጣሉ። ይጋጫሉ፣ በቂጣቸው ይወድቃሉ፣ ሕዝቡ ይስቃል፣ ከዚያ ሁሉም ሄል የገባበት ዳቦውን ሊገዛ ይሄዳል። ይህን ያዘዘ የለም፤ የተቃወመም የለም። ስድስቱ አዋቂዎች ራሳቸው፣ በዚህ ዕድሜ በረዶ ላይ መሽከርከር የሚወድ ሰው ሌላው ሳይቀድመው በራሱ ቢስቅ ይሻለዋል ብለው ያምኑ ነበር። ሂልካም ላም ሆናለች። ድብም ሆናለች። አሳማ የሆነች ዓመት ቤቷ ገብታ ጅራቱን በመቀስ ቆርጣዋለች።

ሃምሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ ለከተማው ፖስታ ታድላለች። የተወለደችው ሐይቅ ዳር ነው። በረዶ ሳይዘንብ ብርዱ ብቻ የመጣ ዓመት ሐይቁ እንደ መስተዋት ጥቁር ሆኖ ይረጋል፤ ከሥሩ ዓሣው ሲያልፍ ይታያል። ሂልካ በልጅነቷ በወንድሟ የበረዶ ሆኪ ጫማ ውስጥ የሱፍ ካልሲ ጠቅጥቃ ከዚያ መስተዋት ላይ አትወርድም ነበር። እናቷ በበጋ እዚያው ሐይቅ ዳር ምንጣፍ ስታጥብ የምታዜመውን የድሮ የታንጎ ዘፈን ልጅቷ በክረምት በአፏ እያፏጨች ትዞርበታለች፤ ለሚያያት ጭልፊት ትመስላለች፣ ለሚሰማት ወፍ።

ዘጠኝ ዓመት ሲሆናት እናቷ ወደ ከተማው አሠልጣኝ ወሰደቻት። ሴትዮዋ ልጅቷን አዟዙራ አየችና ጭኗን በጣቷ ነካ አድርጋ፣ «ይቺማ በጣውላ ለሚንሸራተቱበት ለስኪ ነው የተፈጠረችው፤ በረዶውን ትሰብርብናለች» አለች። እናቷ ሳቀች። ክፉ ሆና አይደለም፤ አፍራ ነው። ግን ሳቀች። ሂልካ ሌላውን ሁሉ ረስታለች፤ የአሠልጣኟን መልክ፣ የመንገዱን ርዝመት፣ ሲመለሱ የበሉትን። ያንን ሳቅ ግን አግብታም፣ ወልዳም፣ ልጆች አሳድጋም አልረሳችውም።

ትንሹ ልጇ ቤት ለቅቆ የሄደ ዓመት በራሷ እግር ልክ ነጭ የሸርተቴ ጫማ ገዛች። የሚያስተምራት ስላጣች ቆማ እያየች ተማረች። የእጅ አንጓዋ ተሰበረ፤ ጄሶውን እንዳሠረች ፖስታ አደለች። በቂጧ የወደቀችበትን ጊዜ ከእግዚአብሔር በቀር የቆጠረው የለም። ሁሉን ትታ የምትመኘው አንድ ዝላይ ነበር፤ አክሰል ይሉታል። ሌላውን ዝላይ ሁሉ ጀርባ ሰጥተህ ትነሣለህ፤ ይህን ግን ፊት ለፊት፣ የሚመጣውን እያየህ ትነሣና አየር ላይ አንድ ዙር ተኩል ዞረህ በጀርባህ ታርፋለህ። በዚህ ክረምት ያዘችው። አንዳንድ ቀን ይመጣል፣ አንዳንድ ቀን ይኮርፋል፤ ግን የሷ ነው። በጠዋት ፖስታ ይዛ በየበሩ ስትሄድ ልቧ እንዲህ ያንጎራጉርላት ነበር፦

ውኃም ሲበርደው ሰውን ያሻግራል፣
የኔ ልብ ቢነድ ማንን ያሳፍራል?

ያን ዕለት ሳውና ውስጥ ለባሏ ለቬይኮ ነገረችው። ቬይኮ ጥሩ ሰው ነው፤ ጥሩነቱ ያናድዳል።

«ፔንግዊን ምን አለበት?» አለ እንደ ሳውና ወግ ጀርባውን በበርች ዛፍ ቅጠል እየመታ። «ደግሞ ይሞቃል።»

«ይሞቃል?»

«ይሞቃላ። አምና ላም ሆነሽ በርዶኛል አላልሽም?»

«ቬይኮ፣ ዓሣ ለማጥመድ ስትሄድ ሰው መጥቶ የድመት ልብስ ልበስና አጥምድ ቢልህስ?»

ቬይኮ አሰበበት። «ዓሣው ይሸሽ ነበር።»

ሂልካ ጭልፋ ሙሉ ውኃ የጋለው ድንጋይ ላይ ደፋች። ቬይኮ ጆሮውን ይዞ እየጮኸ ወደ ውጭ ሮጠ።

እሑድ የመጨረሻው ልምምድ ነበር። በበረዶ ላይ አንድ ሕግ አለ፤ ሕፃናት ጫማቸውን ማሰር ሳይችሉ ይማሩታል። ሙዚቃው የሚጫወትለት ሰው መንገዱ የሱ ነው። ሻምፒዮን ብትሆንም የሌላው ሙዚቃ ሲነሣ ዘወር ትላለህ። ሙዚቃን ከመሃል መቁረጥማ ከሰው አፍ ጉርሻ መንጠቅ ነው፤ ጠላትም ለጠላቱ አያደርገውም።

ሂልካ የፔንግዊኑን ልብስ ትታ፣ ተራዋን ጠብቃ ታንጎዋን አስነሣች። ኮከቦቹ ልጃገረዶች እንኳ ወደ ጠርዙ ሸሹላት። ዞረች፣ ክንዷን ዘረጋች፣ ያቺ የእናቷ ዜማ በባዶው አዳራሽ ጣራ ላይ ስትንሳፈፍ ልቧ ለዘበ። ማርዩትን ከነምንቃሯ ልትረሳ ምንም አልቀራት። ለአክሰሉ ፊቷን አዞረች፣ ጉልበቷን አጠፈች፣ ተነሣች፤ ሙዚቃው ጠፋ።

ሰውነቷ አየር ላይ እያለ ዝምታው መታት። በሁለት እጇና በጉልበቷ ወረደች።

«ይቅርታ ሂልካ!» አለች ማርዩት፤ ጣቷ ገና ማጥፊያው ላይ ነው። «ጊዜ የለንም። ፔንግዊኖች ውጡ!»

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ከጠርዙ በኩል ድምፅ መጣ፦ «የሰው ሙዚቃ ቆረጥሽ።»

የጥርስ ሐኪሙ ታፓኒ ነበር፤ ከስድስቱ አዋቂዎች አንዱ፣ ላምነቱንም ድብነቱንም ከልቡ የሚወድ። ምንቃሩን አጥልቆ ስለነበር ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል። ማንም ግን አልሳቀም።

«ታፓኒ፣ ባክህ አሁን...»

ምንቃሩን አወለቀው። ፊቱ ቀልቷል። «ላም ሁን ስትዪኝ ሆኛለሁ። ነገም አህያ በዪኝ፣ እሆናለሁ። የሰው ሙዚቃ ግን አይቆረጥም። የአራት ዓመት ሕፃን ሙዚቃ ብትቆርጪ ወላጆቹ ከዚህ ያባርሩሽ ነበር።»

ምንቃሩን ጠርዙ ላይ አስቀመጠው። አጠገቡ የቆመችው አስቀመጠች። ሌሎቹም ተከተሉ።

«ልጆች ሆናችኋል እንዴ?» አለች ማርዩት፤ ፈገግታዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ተዛነፈ።

ሂልካ ከበረዶው ላይ ተነሥታ ጉልበቷን አራገፈች። «ልጅ ብንሆንማ ሙዚቃችንን ባልቆረጥሽ» አለች። «ፔንግዊን የሚባል የለም። ወይ እኔ ብቻዬን በታንጎዬ እወጣለሁ፣ ወይ ቦታው ባዶውን ይታያል፤ ለወላጆቹ ደግሞ ምን እንዳደረግሽ እኔው ራሴ እነግራቸዋለሁ።»

ማርዩት እሺ ብላ ቦታውን ሰጠች። በሰጠች ቀን ግን ለአስተዋዋቂው ሳትነግረው ቀረች።

ስለዚህ በትርኢቱ ዕለት መብራቱ ሲደበዝዝ ድምፅ ማጉያው፣ «አሁን ደግሞ የምትወዷቸው ፔንግዊኖቻችን!» ብሎ ጮኸ። ሕዝቡ ገና ምንም ሳያይ ሳቀ። ሂልካ በገዛ እጇ የሰፋችውን ጥቁር ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ ብቻዋን ወጣች። ሳቁ ትንሽ ግራ ተጋባ፤ ከዚያም ቀልዱ ገና ነው ብሎ ተቀመጠ። ታንጎው ጀመረ። የመጀመሪያውን ዙር ጨርሳ ሁለተኛውን ስትጀምር ከሦስተኛው ረድፍ አንዱ ጮክ ብሎ፣ «ምንቃሩ የታለ?» አለ።

እሷ እንዲህ አስባ ነበር፦ ዘንድሮ ያዩኛል። ፖስታዬን የሚቀበሉ፣ ውሻቸውን በስሙ የምጠራ እነዚህ ሰዎች አንዴ፣ አንዴ ብቻ ሳይስቁ ያዩኛል።

አክሰሉ ላይ ወደቀች።

አዳራሹ ፈነዳ። አጨበጨቡ፣ እግራቸውን መሬት ላይ መቱ፤ የምትወደድ ፔንግዊናቸው ደርሳለችና። ያ ሳቅ ጆሮዋ ውስጥ ሲገባ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆነች፤ ጭኗ ላይ ያ ጣት ተሰማት። ከዚያ ነደደች። ማልቀስ አምሯት ሳይሆን ንዴት ዓይኗን አረጠበው። በምት የሚያጅባትን ጭብጨባ ጥሳ ተነሣች፤ ሙዚቃዋ ጥሏት ሄዷል፤ ሮጣ ያዘችው። መጨረሻው ላይ ቆማ መሽከርከር ነበረባት። ተወችው። ማርዩት በቆመችበት በር በኩል ታጥፋ፣ ፊት ለፊቷን እያየች፣ ጥርሷን ነክሳ ለአክሰሉ እንደገና ተነሣች።

አረፈች። ቁርጭምጭሚቷ ተንቀጠቀጠ፣ ክንዷ ተወላገደ፣ ግን በአንድ እግሯ አረፈችና ወደ ኋላ ረጅም ጠማማ መስመር እየሰመረች ሄደች፣ ሄደች። ሳቁ ከወጣበት አፍ ላይ ቀረ። አምስቱ አዋቂዎች በጓንታቸው ጠርዙን ይደበድቡ ጀመር። ከሕዝቡም አንዳንዱ አጨበጨበ፤ አንዳንዱ ምን እንዳየ ሳያውቅ ጎረቤቱን ጠየቀ። ሂልካ እጅ አልነሣችም።

«እንዴት ያምራል!» አለች ማርዩት በሩ ላይ። «ያቺ ውድቀትሽማ! እንዴት አሳቀች መሰለሽ፤ ለከርሞም እንይዛታለን።»

«ለራስሽ ያዢያት» አለች ሂልካ። አለፈቻት።

ወደ ቤት ስትነዳ ቬይኮ ጎኗ ተቀምጦ ጣቶቹን ያፍተለትላል። መንገዱ በሟሟ በረዶ ጭቃ ሆኗል።

«ቬይኮ፣ ስወድቅ ሳቅህ?»

ሌላ ባል ቢሆን ይዋሽ ነበር። ቬይኮ መዋሸት አይችልም። «...አመለጠኝ። ሰው ሁሉ ሲስቅ አመለጠኝ።»

መኪናዋን ዳር አስያዘችው። «ውረድ።»

«ሂልካ፣ የክት ጫማዬን ነው እኮ ያደረግኩት።»

«ውረድ አልኩህ!»

ወረደ። በሩን በቀስታ ዘጋው፤ ቀስታው ደግሞ ይበልጥ አናደዳት። የነዳጅ መስጫውን ረገጠችው። በመስተዋቱ ውስጥ ቬይኮ እጁን ኪሱ ከትቶ አነሰ፣ አነሰ። መሪውን በጡጫ መታችው። «ለስኪ የተፈጠርኩ ነኝ!» ብላ ጮኸች፤ «በረዶ ሰባሪ ነኝ!» ብላ ጮኸች። ድምፅዋ እስኪሰነጠቅ ጮኸችና መንገዱ ሲታጠፍ ቆመች። ሞተሩን አላጠፋችም። አንዲት ክንድ ወደ ኋላ አልተመለሰችም። ቢፈልግ ይድረስባት።

ቆይቶ በሩ ተከፈተ። ቬይኮ እያለከለከ አንገቱን አስገባ። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ርሷል።

«ልግባ?»

አላየችውም። ከፊቷ ያለውን መንገድ እያየች ነበር።

«ጫማህን አራግፍ» አለች።