አንድ ድስት ለሁለት ሠርግ

ድሬዳዋ ቢሮ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ፕሮግራም ስጽፍ ኖሬ ጡረታ ስወጣ ወደ ጀጎል ተመለስኩ። እዚህ ሙያዬን የሚያውቅ ሰው ስለሌለ እንደ ልቤ ጎረርኩ። የሚያውቅ በሌለበት መጎረር ቀላል ነው፤ እንደኔ ካለ ሰነፍ የሚጠበቀውም ይኸው ነው።

የሰፈራችን ሴቶች አፎቻ አላቸው፤ ለሠርግም ለሐዘንም የሚረዳዱበት ማኅበር ነው። አፎቻው ምንጣፍ፣ ትሪና ሦስት ትልልቅ የሠርግ ድስቶች የሚቀመጡባት ዕቃ ቤት አለችው። ቁልፉ አንዲት ባልቴት አንገት ላይ ይንጠለጠላል። ድስት የፈለገ እሳቸው ቤት ይሄዳል። ይከፍታሉ፣ ያያሉ፣ ይሰጣሉ፣ ይጽፋሉ፣ ይዘጋሉ። አንዱ ገብቶ ሳይወጣ ሌላው ደጃፍ ላይ ይቆማል፤ የገዛ ልጃቸው ብትሆንም ትቆማለች።

“ይሄ ዕቃ ቤት ነው ወይስ የንጉሥ ግምጃ ቤት?” እያልኩ አሾፍባቸው ነበር።

“አንተ ልጅ፣ መንገድህን ሂድ” ይሉኛል። ሰባ አልፎኛል፤ ለእሳቸው ግን ልጅ ነኝ።

እኔ ታዲያ ይህን “ኋላ ቀርነት” ላስወግድ ተነሣሁ። ሴቶቹ በስልክ መልእክት ይልካሉ፣ ፕሮግራሜ መዝገቡን አይቶ “ተይዞልዎታል” ብሎ ይመልሳል። ብዙ ሰው ባንድ ጊዜ ቢጠይቅስ ብዬ ለእያንዳንዱ ጥያቄ አንድ ትሬድ መደብኩ። ትሬድ ማለት በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ከሌሎች ጎን ለጎን የሚሮጥ ሠራተኛ በሉት። ሁሉም የሚያነቡትና የሚጽፉት በኮምፒውተሩ ማኅደረ ትውስታ ውስጥ ያለ አንድ የጋራ መዝገብ ላይ ነው። በወር ሁለቴ ድስት ለሚዋዋስ ማኅበር ይህን ሁሉ ሠራተኛ። ለአንዲት ፍየል አምስት እረኛ የሚቀጥር ሰው አይታችሁ ከሆነ እኔ ነኝ።

የጋራ ነገር ተራ ማስከበር እንደሚፈልግ አልጠፋኝም። ለዚህ የተሠራ መቆለፊያ አለ፤ አንዱ ትሬድ ሲይዘው ሌሎቹ ይጠብቃሉ። አስገባሁት። የት? መዝገቡ ላይ ሲጽፉ ብቻ። ሲያነቡም ይጠብቁ ብል ፕሮግራሙ ይዘገያል ብዬ። ማን እንዳይዘገይ? ከፈላና በር ፈረስ መጋላ ለመድረስ በየደጃፉ ሰላምታ ሲያዳርስ ግማሽ ቀን የሚፈጅ ሕዝብ እንዳይዘገይ። ለዚህ ሕዝብ የሰኮንድ ሽራፊ ቆጠብኩለት።

ሦስት ወር ያለ እንከን ሠራ። እኔም በየበርጫው “ሦስት ወር ያልተሳሳተ ከእንግዲህ አይሳሳትም” እያልኩ ለፈፍኩ። ጫት የያዘ ሰው ይሰማል፤ ያመነ አለ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ባልቴቷ አስጠርተውኝ ብደርስ፣ ዕቃ ቤቱ ደጃፍ ላይ ሁለት ሴቶች እያንዳንዳቸው ተሸካሚ አስከትለው ቆመዋል። አንደኛዋ ፈላና በር ሳምቡሳ የምትሸጥ ጎረቤቴ ናት፤ ባሏ የሞተባት፣ በማግስቱ አንዲት ልጇን የምትድር። ሁለተኛዋ ፈረስ መጋላ ያለ የጨርቅ ነጋዴ ሚስት ናት፤ እሷም በማግስቱ ወንድ ልጇን ትድራለች። ሁለት ድስቶች ሐዘን ቤት ስለሄዱ የቀረው አንድ ነው። በሁለቱም ስልክ ላይ “ተይዞልዎታል” የሚል መልእክት አለ።

“መዝገቡ ይታይ” አለች የነጋዴው ሚስት።

ስልኬ ላይ ከፈትኩት። ድስቱ አጠገብ ያለው ስም የእሷ ብቻ ነው።

“ስልኬ ላይ ተይዟል ይላል እኮ” አለች ጎረቤቴ።

“ስልክሽ ምን አይል። መዝገቡ የሚያውቀው እኔን ነው።”

“ሩዙ ተገዝቷል። ሰው ተጠርቷል። በምን ልቀቅለው፣ በሻይ ማንቆርቆሪያ?”

“ኔትወርክ ሊሆን ይችላል” አልኩ እኔ። ወላሂ፣ እንዲህ አልኩ። በዚህ አገር ጥፋቱን የሚለጥፍበት ያጣ ሰው ኔትወርክ አለለት።

ነገሩ ግን ገና መዝገቡን ሳይ ገብቶኛል። ሁለቱ መልእክቶች አንድ ላይ ገብተዋል። የመጀመሪያው ትሬድ አነበበ፤ አንድ ድስት አለ። እሱ ሳይጽፍ ሁለተኛውም አነበበ፤ አንድ ድስት አለ። ከዚያ በጨዋ ደንብ ተራ ጠብቀው፣ አንድ በአንድ ቆልፈው፣ እዚያው መስመር ላይ ጻፉ። የኋለኛው የፊተኛዋን ስም ደመሰሰው። የኔ መቆለፊያ የፈየደው ነገር ቢኖር ስሕተቱ በሰልፍ እንዲፈጸም ማድረጉ ነው።

እንግዲህ መዝገቡ ለነጋዴው ሚስት መስክሯል፤ ምስክሩ ዋሾ መሆኑን የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ። ዝም ካልኩ ስሜ ይተርፋል፣ ድስቱ ፈረስ መጋላ ይሄዳል፣ ጎረቤቴ ነገ በእንግዳ ፊት ትዋረዳለች። ለመወሰን ምን ያህል እንደቆየሁ አልነግራችሁም። ያሳፍራል።

“የቀደመችው እሷ ናት” አልኩ ወደ ጎረቤቴ እያሳየሁ። “ስሟ የጠፋው ቀድማ ስለተጻፈች ነው። ሌላው በላዩ ላይ ተጻፈበት። ጥፋቱ የኔ ነው።”

“ሳያይ ነው በሰው ስም ላይ የጻፈው?” አሉ ባልቴቷ።

“አይቷል። ያየው ግን ከመቆለፉ በፊት ነው።”

“ቁልፉን ሳትይዝ ያየኸው ድስት፣ ቁልፉን እስክትይዝ ይጠብቅሃል ያለህ ማነው?”

“ማንም።”

“ሠላሳ ዓመት ይኼን ነው ስትማር የኖርከው?”

“አዎ።”

“አቦ፣ ደሞዛቸውን መልስላቸው።”

ጎረቤቴ ድስቱን አሸክማ ሄደች። ዞር ብላ እንኳን አላየችኝም፤ እኔም አልጠበቅኩም።

“የኔስ እንግዳ ምን ይብላ፣ ፕሮግራም?” አለች የነጋዴው ሚስት።

ቀኑን ሙሉ በየቤቱ እየዞርኩ ሰባት መለስተኛ ድስቶች ለመንኩ። ያለ ተሸካሚ፣ በራሴ ጀርባ። በየበሩ ምክንያቱን ጠየቁኝ፣ በየበሩ ተናገርኩ።

ጥገናው ሁለት ደቂቃ አልፈጀም፤ ትሬዱን ከማንበቡ በፊት መቆለፊያውን ማስያዝ፣ ተጽፎ እስኪያልቅም አለማስለቀቅ። ድሬዳዋ ላለ የቀድሞ ባልደረባዬ ደውዬ ብነግረው “እንዲህ ያለው እኮ አልፎ አልፎ ነው የሚያጋጥመው” አለኝ። የአንዲት ልጅ ሠርግስ ስንቴ ነው የሚያጋጥመው? ስልኩን ዘጋሁበት። ካንድ ሳምንት በፊት እኔም ይህንኑ እል ነበር።

እሑድ ሁለቱም ሠርግ በላ፣ አልሐምዱሊላህ። ሰኞ ጠዋት ባልቴቷ ትልቁን ድስት ደጄ ላይ አስጣሉት። ሥሩ ላይ ሩዝ አሯል።

“እጠበው” አሉኝ። “ሰባቱም እየመጡ ነው።”