በድምፅ የሚበሩ አምስት መብራቶች

የእህቴን ባል ያኔ አንቱ እለው ነበር። አሁን ስጽፍ አንቱታው አልወጣ ብሎኛል፤ ስለዚህ እንዲሁ "እሱ" እለዋለሁ።

ፍኖተ ሰላም ገበያው ዳር ሬዲዮና ቴፕ የሚጠግንባት አንዲት ክፍል ነበረችው። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ውጤት ሳይመጣልኝ ሲቀር እህቴ "እጁን ያፍታታ" ብላ ከሱ ዘንድ አስገባችኝ። አላስተማረኝም። የብየዳውን ካውያ ስነካ "አቃጠልከው!" ይላል፤ ሳልነካ ስቀመጥ ደግሞ "ሬሳ አስቀመጡብኝ" ይላል። ብየዳ የለመድኩት እሱ ምሳ ሊበላ ሲሄድ፣ ከተጣሉ ሬዲዮኖች ዕቃ እየነቀልኩ መልሼ እየበየድኩ ነው።

የድምፅ መለኪያ መሥራት ያማረኝ ባሕር ዳር ቴክኒክ የሚማር የሠፈራችን ልጅ ካመጣው መጽሔት ላይ ሥዕሉን ያየሁ ቀን ነው። ከድምፅ ማጉያ የሚወጣው ድምፅ ከፍ ዝቅ የሚል ኤሌክትሪክ ነው። ያንን በትራንዚስተር አጎልብተህ በተራ ለተደረደሩ ትንንሽ ቀይ መብራቶች ትሰጠዋለህ። በየመካከላቸው ዳዮድ አለ፤ ጉልበት የሌለውን አያሳልፍም። ቀስ ብለህ ስታወራ የመጀመሪያዋ ብቻ ትበራለች፤ ስትጮህ እስከ ላይኛዋ ይደርሳል።

መብራቶቹን ከተሰባበሩ ቴፖች ለቀምኩ። እግራቸው ተቆርጦ ስለነበር የትኛው ወገን አዎንታዊ እንደሆነ አይለይም፤ መጀመሪያ የሠራሁት አንዱም ሳይበራ ቀረ። አንድ በአንድ በባትሪ ድንጋይ ሞክሬ አዟዟርኳቸው። አሁን ደግሞ ድምፅ ኖረም አልኖረም ሁሉም በርተው ቀሩ፤ ትራንዚስተሩን በካውያ አብስዬው ኖሯል። እሱ ከጀርባዬ ቆሞ "ያንተ ነገር ሁልጊዜ ወይ ጨለማ ወይ ቃጠሎ" አለኝ። ሌላ ትራንዚስተር ነቅዬ ቀየርኩ።

በዚያው ሰሞን የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ከነማይክሮፎኑ ለጥገና መጣ። የተበጠሰ ሽቦ ነበር፣ ቀጠለው። በመኪና ባትሪ አስነስቶ ሊፈትሸው ሲል፣

"ጋሼ፣ መለኪያዬን በዚህ ልሞክር?" አልኩት።

"ሞክር። ቢበላሽ ግን እኔን እንዳትጠራ።"

ሽቦዬን አገናኘሁ። እሱ ራሱ ማይክሮፎኑን ይዞ "አንድ፣ ሁለት" አለ። ሁለት መብራት በራ። ሳቅ አለ። ከኔ ጋር ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ማጉያውን ሊወስድ የመጣው የአብዮት ጥበቃ ግን አልሳቀም። ከማጉያው ወጥቶ መብራቶቼን ወደደረደርኩበት የእንጨት ሰሌዳ የሚሄደውን ሽቦ አየና ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። ማጉያውን፣ ባትሪውን፣ ሰሌዳውን አሸክሞ ሁለታችንንም ወደ ቀበሌ ነዳን።

አዳራሹ በባለጉዳይ ተሞልቶ ነበር። ሊቀመንበሩ ሰሌዳዬን ገለበጠው።

"ወዴት ነው የሚያስተላልፈው?"

"የትም አያስተላልፍም፣ ጓድ ሊቀመንበር። የድምፅ መለኪያ ነው።"

"ለወንበዴ ምልክት መስጫ አይደለም?" ወደ እህቴ ባል ዞረ። "ባለሙያው አንተ ነህ። ምንድን ነው ይኼ?"

መሬት መሬት እያየ፣ "እኔ አላየሁትም፣ ጓድ። ከኔ ተደብቆ የሠራው ነው" አለ።

ፊቱን አየሁት። ቀና አላለም።

ሊቀመንበሩ እንዳሳየው አዘዘኝና አገናኘሁ። ማይክሮፎኑን ተቀብሎ "እንይ" ሲል አንድ መብራት በራ። ባለጉዳዩ አንገቱን አሰገገ፣ ጉምጉምታ ተነሳ። "ጸጥታ!" ብሎ ሲጮህ አምስቱም በሩ። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። "ማነው የሳቀው?" አምስቱም። "አስወጣዋለሁ!" አምስቱም። በተቆጣ ቁጥር ሰሌዳው አብሮት እየቀላ፣ ዝም ሲል እየጠፋ፣ አዳራሹ ሳቁን በነጠላ አፈነ።

በመሬት ጉዳይ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ በዝግታ፣ "አይ፣ ሲጮኹ ይቀላል" አሉ።

መብራቱ ይቀላል ማለታቸው ነው፤ የሚጮህ ሰው ይቀልላል ማለታቸውም ነው። ጎጃሜ በሞላበት አዳራሽ ያን ለማስረዳት አስተርጓሚ አያስፈልግም። ሊቀመንበሩም ገባው። ሽማግሌውን ምን ብሎ ይክሰስ? ሰሌዳውን ወርውሮ በጫማው ደፈጠጠውና እኔን የሕዝብ ንብረት አበላሽተሃል ብሎ አሰረኝ። የእህቴን ባል አሰናበተው።

እስር ቤቱ የእህል መጋዘን የነበረ ክፍል ነው። ስንቅ የምታመላልሰው እህቴ ናት፤ እሱ አንድም ቀን በር ላይ አልቆመም። የለቀቁኝ እሷ ሊቀመንበሩ እግር ላይ ወድቃ ነው። ስወጣ ሊቀመንበሩ "ቀጣዩ ምልመላ ላይ አልረሳህም" አለኝ። ወታደር ሆኖ ሰሜን መሄድ ማለት ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ቤት ስደርስ የእህቴ ባል እራት እየበላ ነበር።

"ራስዎ አይደሉ 'አንድ፣ ሁለት' ያሉበት?" አልኩት።

"ምን ልበል? ልጆች አሉኝ።"

"እኔስ ከዛፍ ወረድኩ?"

እህቴ በመካከላችን ገብታ አፌን በእጇ ያዘች። በነጋታው ጎሕ ሲቀድ፣ ሰው ሳያየኝ፣ በእህል መኪና ላይ ወደ ቡሬ ሄድኩ።

ቡሬ አክስቴ ዘንድ ገባሁ። ምልመላው ሲነሳ ወደ ገጠር እየሸሸሁ፣ ሲበርድ እየተመለስኩ፣ በገበያ ቀን ሬዲዮ መጠገን ጀመርኩ። ሌላ መለኪያም ሠራሁ፤ የተሻለ።

አንድ ቅዳሜ እሱ መጣ። ጠረጴዛዬ ፊት ቆሞ፣ "ሥራ በዝቶብኛል፣ ተመለስ። ያ ሊቀመንበር ተሽሯል" አለኝ። ብየዳዬን ቀጠልኩ። "ሰላም አትለኝም?" አለ። የካውያው ጭስ ዓይኔን እያቃጠለው ቀና ሳልል ቀረሁ። ጥቂት ቆሞ ወደ መናኸሪያው ሄደ።

ለፋሲካ እህቴ ብቻዋን መጣች። ያመጣችውን ድፎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና፣ "ቤቴን መርገጥ ካቆምክ ወዲህ የቀጣኸው እሱን አይደለም፤ እኔን ነው" አለችኝ።

እውነቷን ነው። ቢሆንም አልሄድኩም።