የነቀልኩት ወሰን

በሰው አገር፣ ቡኮቶ በሚባል የከተማ ሰፈር ከከፈትኩት ምግብ ቤቴ ጀርባ ቁልቁል ሲወረድ አንድ እርሻ ነበር። ዙሪያውን ፎቅ በፎቅ ሲሆን እሱ ብቻ ማቶኬ የሚሉትን ተቀቅሎ የሚበላ ሙዝና ጎደሬ ያበቅላል። ባለቤቱ ሰፈሩ ሁሉ ጃጃ የሚላቸው አሮጊት ነበሩ፤ በአገሬው ቋንቋ አያቴ ማለት ነው። ከጥጉ አንድ መደብ ሰጥተውኝ ጎመንና በሶብላ እዘራበት ነበር። ኪራይ ልክፈል ብላቸው ተቆጡኝ። እኔም ቁጡ ስለሆንኩ ወዲያው ተግባባን።

ደላሎች በየሳምንቱ ይመጡ ነበር። ጃጃ ሰላምታቸውን ተቀብለው ወደ ኩትኳቷቸው ይመለሳሉ። «ሁሉም ቤት ከሠራ ማን ያበላችኋል?» ይሏቸዋል። ከእሳቸው በኋላም ቦታው እርሻ ሆኖ እንዲቀር ነበር ምኞታቸው፤ ሌላ ነገር ሲመኙ ሰምቼ አላውቅም።

በፈረንጆቹ 2020 በኮሮና ምክንያት መንገድ ሲዘጋ ጃጃ ገጠር ልጃቸው ዘንድ ሄደው ነበር፤ እዚያው ቀሩ። ታክሲ የለም፣ ቦዳ የሚሉት የሞተር ብስክሌት ታክሲም ሰው እንዳይጭን ተከልክሏል። ምግብ ቤቴ ስለተዘጋ እኔም ሥራ ፈትቼ ተቀምጫለሁ። ደውለው «እርሻዬን እዪልኝ» አሉኝ።

አየሁላቸዋ! በየማለዳው እየወረድኩ አረምኩ፣ ኮተኮትኩ። በአንደኛው ጎን ረዣዥም ጠባብ ቅጠል ያላቸው ተክሎች በመስመር ቆመዋል። አይበሉ፣ ጥላ አይሆኑ። መሬት እንዲህ በጠፋበት ከተማ ይህ ሁሉ ለጌጥ ነው? ብዬ ተናደድኩ። አንድ በአንድ ነቅዬ፣ አድርቄ ማገዶ አደረግኳቸው። በቦታቸው ጎመን ተከልኩ። ጎመኑም እንዴት አማረ! በራሴ ኮራሁ።

መንገድ ተከፍቶ ሲመለሱ ጃጃ መጥተው ጎመኑ ዳር ቆሙ።

«እነዚያ ተክሎች የት ሄዱ፣ ልጄ?»

«ነቀልኳቸው፣ ጃጃ። ቦታ ይዘውብኝ።»

«ባምቢ» አሉ፤ እኛ «እኔን» እንደምንለው ነው። «የእርሻዬ ወሰን ነበሩ። ባሌና ጎረቤታችን አብረው ነው የተከሏቸው። እዚህ አገር እነሱን የሚነቅል የለም።»

ክው አልኩ። አሁኑኑ መልሰን እንትከላቸው አልኳቸው። ሁለቱም ወገን ቆሞ ካላየ ወሰን አይሆንም አሉኝ። ጎረቤታቸው ደግሞ መሬቱን ሸጦ ከሄደ ሰነባብቷል። አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። ቢሰድቡኝ በወደድኩ።

በተከታዩ ዓመት የጎረቤቱን መሬት የገዛው ሰው በከባድ መኪና ቀይ አፈር እያስደፋ መጣ። ችካሉን የመታው ማቶኬው መሃል ነው፤ የጃጃ ባል እንደ አገሩ ልማድ በገዛ እርሻቸው የተቀበሩበት ቦታ ሳይቀር ወደ እሱ ገባ። ጃጃ ለሰፈሩ ሊቀመንበር አመለከቱ። ሊቀመንበሩም የመሬት ሹም ይዞ መጣ። እኔም ተከትዬ ወረድኩ።

ሹሙ ደግ ሰው ይመስል ነበር። «ጃጃ፣ የወሰኑን ተክል ያሳዩኝና ነገሩ ዛሬውኑ ይለቅ» አላቸው። ጃጃ ጎመኑ ጋ ወሰዱት።

«ተክሉስ?»

«ተነቅሏል።»

«የወሰን ተክል የነቀለ ሰው በሕግ ይጠየቃል። ማነው የነቀለው?»

መናገር የነበረብኝ እዚህ ላይ ነው። የመኖሪያ ፈቃዴ ሊታደስ ገብቷል። የውጭ ሰው የአገሬውን ወሰን ነቀለች ከተባለ ምን እንደሚከተል አሰብኩ። ጃጃ ዞር ብለው ፊቴን አዩት።

«እኔ ነኝ» አሉ። «ጎመን ልተክልበት ብዬ ራሴ ነቀልኩት።»

ገዢው ሳቀ። «እንግዲህ ወሰኑን ራሳቸው ትተውታል ማለት ነው» አለ። ሹሙ ቀና ሳይል ጻፈ። እሳቸው በሌሉበት ሌላ ሰው ነቀለው ቢባል ኖሮ ሹሙ ሥሩ የቀረበትን ያስቆፍር፣ የድሮውንም ጎረቤት አፈላልጎ ያስጠራ ነበር፤ ሊቀመንበሩ በኋላ የነገረኝ ይህንን ነው። ባለቤቷ ራሷ ነቀልኩት ካለች ግን የሚቆፈርም የሚጠየቅም የለም፤ ችካሉ በተመታበት ጸና። ለአንዲት ጭልፋ ወጥ ከደንበኛ ጋር ግማሽ ቀን የምሟገት ሴት፣ ያን ቀን ምላሴ ተሳሰረ። ፈራሁ። ሌላ ስም የለውም።

በ2022 በሌላው ጎንም እንዲሁ እየተገፋ እርሻው አለቀ። የባላቸውን አጽም አውጥተው ወደ ገጠር ሊወስዱ ዘመዶቻቸው ሲመጡ እኔም ሄድኩ። የሚያደርጉኝን ሳላውቅ ዳር ቆሜ ሳለሁ ጃጃ እጄን ይዘው ወደ መሃል አስገቡኝ።

«እኔ በሌለሁ ጊዜ እርሻዬን የጠበቀችልኝ ይህች ናት» አሏቸው።

ሴቶቹ እንደ አገራቸው ወግ አንድ በአንድ እየተንበረከኩ አመሰገኑኝ። እኔም እጃቸውን እየያዝኩ ምስጋናቸውን ተቀበልኩ።