በስምንት አካፋዩ
መስመር ዘርጊውን ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው «ጋሽ ስምንት» በሚል ስም ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ምሰሶ ሲወጣና ሲወርድ፣ በሰው ጣሪያ ላይ ገመድ ሲጎትት ኖሯል። ያሰለቸው ግን ምሰሶው ሳይሆን አንድ ጥያቄ ነው። «ኢንተርኔቱ አርባ ነው ብላችሁ ፊልሙ የሚወርደው በአምስት ነው፤ ሠላሳ አምስቱን ማን በላው?» ይለዋል ደንበኛው፣ ሌባ እጅ ከፍንጅ የያዘ ይመስል። እሱም መሰላሉ ላይ እንደቆመ «በስምንት አካፍለው የኔ ወንድም፤ የበላብህ ሰው የለም» ይላል። መስመር የሚለካው በቢት፣ ፋይል የሚለካው በባይት ነው፤ ስምንት ቢት ተሰብስቦ አንድ ባይት ይሆናል። መስመሩ በፍሬ ይቆጥራል፣ ፋይሉ በእፍኝ። ሚስቱ እንግዳ በመጣ ቁጥር «አደራ፣ ስለ ኢንተርኔት እንዳትጠይቁት» እያለች ታስጠነቅቃለች።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ታላቅ እህቱ ከቤቷ ደረጃ ወድቃ ጭንቅላቷን ተመታች። እናትና አባታቸው ከሞቱ ወዲህ ያሳደገችው እሷ ናት፤ እስከ ዛሬም «እታለም» እንጂ በስሟ ጠርቷት አያውቅም። ክሊኒኩ ባለፈው ወር በገባው ሲቲ ስካን አነሳት። ምስሉን የሚያነበው የጭንቅላት ሐኪም ግን ያለው ሩቅ ከተማ ነው፤ አምስት ሰዓት ላይ ደግሞ ቀዶ ጥገና ይገባል፤ ከገባ እስከ ማታ አይገኝም።

«ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ከፈሰሰ ወደ እሱ መሄዷ ግድ ነው» አለች የክሊኒኩ ሐኪም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ካልፈሰሰ ግን በዚያ ጉድጓድ በበዛበት መንገድ አራት ሰዓት ማንገላታት ኃጢአት ነው። ሳላውቅ ደግሞ እዚህ ላስተኛት አልችልም። ምስሉ ካልደረሰለት ትሄዳለች።»

አምቡላንሱ በር ላይ ሞተሩን አስነስቶ ቆሟል። ጋሽ ስምንት ወደ ምስል ክፍሉ ሲገባ የራጅ ባለሙያውን ላብ በላብ ሆኖ አገኘው።

«ጋሼ፣ የዘረጉልን መስመር ተበላሽቷል! ሦስቴ ሞከርኩት፣ ሦስቴም እምቢ አለ።»

«ቆመ ወይስ አቆምከው?»

«ፋይሉ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሜጋባይት ነው፤ መስመሩ ስምንት። ሳካፍለው መቶ ሃምሳ ሰከንድ ወጣ። አምስት አምስት ደቂቃ እየጠበቅኩ፣ አላልቅ ሲል አቋርጬ እንደ አዲስ ጀመርኩ።»

የራጅ ፎቶ ትንሽ ስለሆነ እስከ ዛሬ እልም ብሎ ይሄድ ነበር፤ ስለዚህ ሒሳቡን የጠየቀ አልነበረም። ጋሽ ስምንት ሰዓቱን አየ። አራት ተኩል።

«የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ! ስምንቱ በቢት ነው፣ ልጄ። ወደ ባይት ስትመልሰው በሰከንድ አንድ ብቻ ነው። አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሰከንድ፤ ሃያ ደቂቃ። መስመር ደግሞ ሙሉውን ሰጥቶ አያውቅም፣ ሃያ አራት በለው። አሁን ጀምርና እጅህን ኪስህ ውስጥ ክተት።»

«ካልሄደስ?» አለ የአምቡላንሱ ሾፌር ከበሩ ላይ። «አሁን ብንነሳ ይሻላል።»

ጋሽ ስምንት ፈራ። በሰው ጣሪያ ላይ ሺህ ጊዜ የተናገራት ሒሳብ በገዛ እህቱ መጣች። ቢሳሳት ሃያ አራት ደቂቃ የሚያባክነው ከእሷ ዕድሜ ላይ ነው።

«ይሄዳል» አለ።

ሐኪሟ ለሾፌሩ በእጇ ጠብቅ አለችው።

ከዚያ ወጥቶ መስመሩን እንዳይሻሙት የሌሎቹን ክፍሎች ገመድ ከማከፋፈያው ሳጥን ላይ አንድ በአንድ ነቀለ። የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ «ኧረ ዘፈኔን!» ብላ ጮኸች። ተመልሶ ሲመጣ ፋይሉ ሩቡን ሄዷል። አሥራ አምስተኛው ደቂቃ ላይ ቁጥሩ ለአፍታ ቀጥ ሲል የራጅ ባለሙያው እጁን ከኪሱ መዘዘ፤ ጋሽ ስምንት አንጓውን ያዘው። ጥቂት ቆይቶ ቁጥሩ ተንቀሳቀሰ።

ለአምስት ሰባት ጉዳይ ፋይሉ ተላከ። ለአምስት ሁለት ጉዳይ ስልኩ ጠራ። ሐኪሟ ጆሮዋ ላይ እንደያዘች «እሺ... እሺ...» አለችና በመስኮቱ አንገቷን አውጥታ ለሾፌሩ ተጣራች። «ሞተሩን አጥፋው! ደም የለም፤ እዚሁ ትተኛለች።»

ጋሽ ስምንት እህቱ አልጋ ድረስ ሄደና ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። እንባው ዱብ ዱብ አለ።

እታለም ከፋሻዋ ሥር አንድ ዓይኗን ገለጠች። «ምን ያስለቅስሃል? ሞትኩ እንዴ?»

«አልሞትሽም፣ እታለም። አለሽ። አለሽ እኮ!»

እሷም እንደ ልጅነቱ ጊዜ በአንሶላው ጫፍ አፍንጫውን ጠረገችለት።