ከመግዛታችን በፊት ግድግዳው ይታይ

ከአዲስ አበባ የተነሣሁት ገና ሳይነጋ ነበር። ጉዳዬ አንድ ብቻ ነው፤ ታናሽ እህቴ ከድጃ ሪያድ ሆና በስልክ አይታ የወደደችውን አሮጌ ቤት፣ ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት በኢንጂነር ማስመርመር።

ቤቱ ከሐይቅ ወደ ውጫሌ በሚወስደው መንገድ፣ አምባሰል ውስጥ፣ አንዲት ትንሽ የገጠር ከተማ ጫፍ ላይ ነው። በድንጋይና በጭቃ የተሠራ፣ ከላይ አንድ ፎቅ ያለው የድሮ ቤት። እናታችን የዚያው አገር ሰው ናት። አባታችን ከሞተ ወዲህ እኔ ጋ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጣ፣ ደረጃው ጉልበቷን እየፈጃት፣ “መሬት ረግጬ ልሙት” ትለናለች። ከድጃ ደግሞ ለውጥ መጣ የተባለ ሰሞን ጠቅልዬ ልገባ ነው ብላ ሻንጣ ሁሉ ገዝታ ነበር። ጦርነቱ መጣና ሐሳቡም ሻንጣውም እዚያው ቀሩ። ጦርነቱ ከወሎ ከወጣ በኋላ “እኔ ባልገባም እማዬ ትግባ” ብላ ቤት ማፈላለግ ጀመረች።

ሰይድ የሚባል ደላላ በላከልን ቪዲዮ ላይ ቤቱ ኖራ ተቀብቶ ያበራል። እኔን ያስጠረጠረኝም እሱ ነው። ከጎኑ ያሉት ቤቶች ግድግዳቸው በጥይት ተበሳስቶ ሳለ እሱ ብቻ እንደ ሙሽራ ነጭ ሆኗል።

“ኢንጂነር ሳያየው አንድ ብር እንዳትልኪ” አልኳት።

“አንቺ ደግሞ! ቤት ነው እንጂ ድልድይ ልንገዛ ነው እንዴ?”

“አሥራ አንድ ዓመት የሰው ቤት የጠረግሽበት ገንዘብ ነው፤ ድልድይም ቢሆን አይበዛበትም።”

ተኮራርፈን ስልኩን ዘጋን።

እስከ ደሴ

ጣርማበር ላይ ጉሙ የሾፌሩን መስኮት እስኪደፍነው ድረስ ወርዶ ነበር። ደብረ ሲና ቁርስ በላን፤ ቆሎ ሻጮቹ እንደ ወትሮው መስኮቱን ከበቡት። ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ በኬላ ብዛት ነው የማስታውሰው። ውረዱ፣ መታወቂያ አውጡ፣ ሻንጣ ክፈቱ፣ ግቡ። ትንሽ ሄድ እንልና እንደገና ውረዱ። አንዱ ኬላ ላይ አንድ ወታደር መታወቂያዬን እያገላበጠ ወዴት እንደምሄድ ጠየቀኝ።

“ሐይቅ።”

“ለምን?”

“ቤት ልንገዛ።”

ቀና ብሎ አየኝ። “ሰው ሸጦ ይወጣል፣ አንቺ ልትገዢ ትገቢያለሽ” አለና መታወቂያዬን መለሰልኝ።

ደላላው በመንገድ ላይ ደጋግሞ ደወለ። በደወለ ቁጥር ሌላ ገዢ መጥቷል። መጀመሪያ የኮምቦልቻ ነጋዴ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ከዱባይ የተመለሰ ወጣት ሆነ። “እንግዲህ ለሱ ሽጡለታ!” ስለው ግን “አይ እታለም፣ እኔ እኮ ላንቺ አዝኜ ነው” ይላል።

ደሴ አደርኩ። ከኢንጂነር ሽመልስ ጋር ጠዋት ፒያሳ ልንገናኝ ተቀጣጥረን ነበር። የሱን ስልክ የሰጠኝ የሥራ ባልደረባዬ “ጎበዝ ነው፤ ትንሽ ብቻ ይዘገያል” ብሎኛል። ሁለት ሻይ ጠጣሁ፤ ስልኩ ዝግ ነው። ሦስተኛውን ሳዝዝ ራሱ ደወለና፣ በጦርነቱ የተጎዳ ትምህርት ቤት ለማየት ኮምቦልቻ መውረዱን ነገረኝ።

“እርስዎ ሐይቅ ይቅደሙኝ፤ ከምሳ በኋላ እደርሳለሁ።”

“የዛሬ ምሳ ነው?”

“የዛሬ ነው እንጂ” አለ፣ ቅር ብሎት።

ሐይቅ

ሚኒባሱ ወንበር ያልነበረበት ቦታ ላይ ሁሉ ሰው አስቀምጦ ወሰደን። ሐይቅ እንደ ደረስኩ ወደ ውሃው ወረድኩ። ዓሣ አዘዝኩ፤ ከነአጥንቱ ተጠብሶ፣ በአዋዜ፣ እጅ የሚያስቆረጥም ነበር። ውሃው ጸጥ ብሏል። የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ደን ከማዶ ጠቁሮ ይታያል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ቀኑን ሙሉ ብቀመጥ አይቆጨኝም ነበር። ያን ቀን ግን ዓይኔ ከመንገዱ አልተነቀለም። ምሳ አለፈ፤ አሥር ሰዓት አለፈ። ኢንጂነሩ “ኮምቦልቻ ያለው ሥራ ሰፋብኝ፣ ነገ በጠዋት” የሚል መልእክት ላከልኝ።

ያረፍኩበት ሆቴል ቧንቧ ውሃ አልነበረውም። ያን የሚያህል ሐይቅ አፋፍ ላይ ተኝቼ ፊቴን የምታጠብበት አጣሁ። አስተናጋጇን ስጠይቃት “አብሽሪ፣ ነገ ይመጣል” አለችኝ። ውሃውም ኢንጂነሩም ነገ ሊመጡ ተኛሁ።

በማግስቱ ኢንጂነር ሽመልስ እውነትም መጣ፤ በሞተር ሳይክል፣ አቧራ ለብሶ፣ ትንሽ ቦርሳ አንግቶ። መሰላል አልያዘም።

“ፎቅ ቤት መሆኑን ነግሬዎት ነበር እኮ!”

“መሰላል የሌለበት መንደር የለም” አለ፣ ቅንጣት ሳይጨነቅ።

እሱ በሞተሩ፣ እኔ ከደላላው ጋር በባጃጅ ሆነን ሄድን። ባጃጁ ነዳጅ ተወደደ ብሎ የድሮውን እጥፍ ጠየቀን፤ ተከራክሬ አልቻልኩም። የአምባሰል ተራራ ግን በግራ በኩል ጥርት ብሎ ወጥቶ ስለነበር፣ ለትንሽ ጊዜ ንዴቴን ረሳሁ። እናቴ በልጅነቷ ከብት የነዳችበት አገር ነው።

ቤቱ

ባለቤቱ ጋሽ ይማም በሩ ላይ ቆመው ጠበቁን። ረጅም፣ ጢማቸው የነጣ፣ ሽርጥ ያገለደሙ ሰው ናቸው። ሚስታቸው እማማ ፋጡማ ከኋላቸው ቆመዋል። ሴት ልጃቸው ጅዳ ነው የምትሠራው። ቤቱን ሸጠው ወንድ ልጃቸው ጋ ኮምቦልቻ ሊገቡ አስበዋል።

“መርሃባ፣ ግቡ ግቡ! ያምባሰል ልጅ መሆንሽን ሰይድ ነግሮኛል” አሉኝ።

ኢንጂነሩ ሰላምታውን ሳይጨርስ ከቦርሳው መዶሻና ቱንቢ አወጣ። ቱንቢ ክር ላይ የተንጠለጠለ ብረት ነው፤ ግድግዳ ቀጥ ማለት አለማለቱ የሚታወቅበት። የጋሽ ይማም ፊት ወዲያው ተለወጠ።

“ይህ ምንድን ነው?”

“ኢንጂነር ነው፣ ጋሼ። ቤቱን ሊያይልን ነው። ሰይድ አልነገራችሁም?”

ሰይድ ጫማውን ማየት ጀመረ። አልነገራቸውም።

“ልትገዢው ነው የመጣሽ ልትከሺው?” አሉኝ ጋሽ ይማም። “ይህን ቤት አባቴ ነው የሠራው። ድንጋዩን እኔ ነኝ ያቀበልኩት። ሐኪም አያስፈልገውም!”

ደላላው ላይ ልጮኽ ነበር፤ እሱን ትቼ ጋሽ ይማምን ላባብል ተጠጋኋቸው። እናቴ ማርጀቷን፣ ገንዘቡ የእህቴ ልፋት መሆኑን ነገርኳቸው። በመጨረሻ “እይ በይው እንግዲህ፤ መዶሻውን ግን እንዳያነሣ” አሉና መደብ ላይ ተቀመጡ። በዚህ መሐል ከድጃ በቪዲዮ ደወለች። “አለቀ?” አለችኝ። “አልተጀመረም” ብያት ዘጋሁት።

መሰላሉ ከሦስተኛው ጎረቤት ተገኘ። አንዱ መርገጫው ስለተሰበረ በገመድ ታስሯል። ኢንጂነሩ ጣሪያው ሥር ገብቶ፣ ማገሩን በጣቱ እየጠነቆለ፣ “ምስጥ አለ፤ ግን ገና ነው” ይላል። መሠረቱን ዞሮ አየ። የፊቱ ግድግዳ ጥሩ ነው፤ የጎኑም ጥሩ ነው። ደላላው “አላልኩሽም?” እያለ ይከተለኛል። እኔም ልቤ ቀስ በቀስ ወደ መግዛቱ አዘነበለ። የላይኛው ክፍል ወለሉ የጽድ ሳንቃ ነው፤ መስኮቱ ወደ ተራራው ይከፈታል። እናቴን እዚያ መስኮት ሥር ተቀምጣ አየኋት።

ኢንጂነሩ ከኋላው ግድግዳ ላይ ቱንቢውን አንጠለጠለ። ክሩ ከላይ ግድግዳውን ነክቶ፣ መሐል ላይ በሆዱ ተገፍቶ ነበር። ግድግዳው እንደ እርጉዝ ሴት ወደ ውስጥ አብጧል። ነጩን ኖራ በጣቱ አንጓ አንኳኳው። ባዶ ጋን የሚመታ ይመስል ነበር ድምፁ። የጋሽ ይማምና የሚስታቸው አልጋ ልክ እሱ ሥር ነው።

“ልስኑን ትንሽ መፋቅ አለብኝ” አለ።

ጋሽ ይማም ከታች ሰምተው ተነሡ። “አይነካም! ወላሂ አይነካም!” የቀትሩ የዙሁር አዛን ሲሰማ “ስመለስ እንዳላገኛችሁ” ብለው ወደ መስጊድ ወጡ። ደላላውም ተከትሏቸው ወጣ።

አንድ ቀን መንገድ፣ አንድ ቀን ጥበቃ፣ የተሰበረ መሰላል፣ አሁን ደግሞ ይኸ። መሄድ ነው ብዬ ቦርሳዬን አነሣሁ።

“ይፋቀው” አለ አንድ ድምፅ። እማማ ፋጡማ ደረጃው ላይ ቆመዋል።

“ጋሼ ከልክለዋል እኮ፣ እማማ።”

“እሱ ይከልክል። ስተኛ አፈሩ ፊቴ ላይ የሚረግፈው እኔ ነኝ። ስነግረው አይጥ ነው ይለኛል። ይፋቀው በይ!”

ግድግዳው ሲከፈት

ኖራው እንደ ቅርፊት ተነሣ። ከሥሩ ድንጋይ መኖር ሲገባው ጭድ የበዛበት ጭቃ ነው ያለው። ኢንጂነሩ ጭቃውን ሲጭር እጁ እስከ ክንዱ ገባ። የግድግዳው ድንጋዮች ተናግተው እርስ በርስ ተለያይተዋል፤ ወለሉን የተሸከመው ትልቁ አግዳሚ እንጨት ጫፉ ከስሎ፣ በአንዲት ድንጋይ ብቻ ተደግፏል።

“ከባድ መሣሪያ ነው። ከውጭ መትቶታል” አለኝ። ከዚያ ወደ እማማ ፋጡማ ዞሮ፣ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “እናቴ፣ ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ክፍል አትተኙ። ክረምቱ ሲገባ ይወርዳል” አላቸው።

ጋሽ ይማም ከመስጊድ ተመልሰው፣ ደላላውን አስከትለው ደረጃውን ሲወጡ ሰማን። የሚጮሁ መስሎኝ ተዘጋጀሁ። ቀዳዳውን አዩት፤ ቀረብ ብለው እጃቸውን ከቱበት። ከዚያ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ።

“ሸሽተን ቆይተን ስንመለስ ሰማይ ይታይበት ነበር” አሉ። “ከብቱ የለም፣ እህሉ የለም፣ ባባቴ ግንብ ላይ ሰማይ አየሁ። ብቻዬን ደፈንኩት። ልሸጠው ብዬ አልነበረም ልጄ፣ አላህ ያውቃል። እንዳላየው ብዬ ነው።”

ቤቱ ከገባሁ ጀምሮ የያዝኩት ንዴት የሚሄድበት አጣ። ስልኬ ጮኸ፤ ከድጃ ናት። የሆነውን ነገርኳት። ደላላው ከኔ ቀድሞ ወደ ስልኩ ጮኸ፦ “ዋጋው ይቀነሳል! ይጠገናል!” ከድጃም “አዎ፣ ይቀነስና እንግዛው፤ ሰው ሁሉ ጠግኖ ነው የሚኖረው” አለች። ኢንጂነሩ ፎቁ እንዳለ ካልፈረሰ ጥገና የሚባል ነገር የለም ይላል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ይናገራል።

“እማዬን የምታስተኚው እዚህ ሥር ነው?” ብዬ ጮህኩባት። “ነይና አንቺ ተኚበት!”

ጋሽ ይማም እጃቸውን ዘረጉ። “ስልኩን ስጪኝ።”

ሰጠኋቸው። እንዴት እንደሚያዝ ስላላወቁት ከድጃ ጣሪያውን ሳታይ አልቀረችም።

“ልጄ፣ እኔም ጅዳ ልጅ አለችኝ” አሉ። “ያን ገንዘብ እንዴት እንደምታገኙት አውቃለሁ። ይህን ቤት አትግዢው። ሻጩ ነኝ የምልሽ፤ አትግዢው።”

“እሺ አባባ” ስትል ሰማኋት። ደላላው ቁልቁል ወረደ፤ ከዚያ ወዲያ አላየሁትም።

አልጋውን ፈትተን አወረድነው። ኢንጂነሩ አንዱን ጫፍ፣ እኔ ሌላውን ይዤ፣ እማማ ፋጡማ ፍራሹን ተሸክመው፣ ጋሽ ይማም ከፊት “ቀስ፣ ቀስ” እያሉ። ከፊት ለፊት ባለችው የማድቤት ክፍል ዘረጋነው። ኢንጂነሩ ከጎረቤት ግንድ አስመጥቶ አግዳሚውን ከታች ካስደገፈ በኋላ ነው ሞተሩን ያስነሣው። ምሳ ሳንበላ እንድንሄድ እማማ ፋጡማ አልፈቀዱልንም።

መልስ

የመልሱን መንገድ በእንቅልፍ አሳለፍኩት፤ ኬላው ላይ ሳይቀር ቆሜ አንቀላፋሁ። ቤት ስደርስ እናቴ በሩን ከፍታ ደረጃው ላይ ትጠብቀኛለች። ሁሉን አጫወትኳት። ስለ መስኮቱና ስለ ተራራው ስነግራት ዓይኗን ጨፈን አደረገች እንጂ ቅር አላላትም። “ወጥተው መተኛታቸው ትልቅ ነገር ነው” አለች።

ከድጃ አንድ ሳምንት አልደወለችልኝም። ለጋሽ ይማም ግን ደውላ ኖሯል። የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ቅሬ የሚሉት የመንደሩ ዕድር ሰዎች፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ተሰብስበው፣ የኋላውን ግድግዳ ከነፎቁ አውርደውታል። “ገና ስንገፋው ነው የወረደው” አሉኝ። የታችኛው ቤት ቆርቆሮ ለብሶ አለ። መሸጡንም ትተውታል።

ከዚህ ጉዞ የተረፈኝ ቤት አይደለም፤ እናቴ አሁንም አራተኛ ፎቅ ላይ ናት። ኢንጂነር ይዤ በመሄዴ አልተጸጸትኩም። የምጸጸተው ሰው የሚኖርበትን ግድግዳ ለማንኳኳት ስሄድ ለሚኖርበት ሰው አስቀድሜ ራሴ አለመናገሬን ነው፤ ያንን ለደላላ መተው አልነበረብኝም።

ባለፈው ዓርብ ከድጃ ሌላ ቪዲዮ ላከችልኝ። ሐይቅ ከተማ ውስጥ፣ ፎቅ የሌለው ምድር ቤት፣ ግቢው ውስጥ የዘይቱን ዛፍ ያለው። “አየሽው? እንዴት ነው?” አለችኝ።

“የባለቤቶቹን ስልክ ስጪኝ” አልኳት። “መጀመሪያ እነሱን ላናግራቸው።”